ልጁ ሰነፍ ነው ከማለታችን በፊት

 

ልብ አራት ቫልቮች አሉት። ቫልቭ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት በር ነው፤ ደም ያሳልፋል፣ ተመልሶ እንዳይመጣም ይዘጋል። ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ስለሚመታ በሮቹ እረፍት የላቸውም። በእኛ አገር በብዛት የሚጎዳው በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለው፣ ሚትራል የሚባለው ነው።

በሩ ካልገጠመ፣ ልብ ከገፋው ደም ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። የተመለሰውን ደግሞ መግፋት ስላለበት እየሰፋ፣ ጡንቻው እየደከመ ይሄዳል። ለዓመታት ችሎ ስለሚሠራ ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል፤ እኔን የሚያሰጋኝ ይሄ ነው። በሩ ሲጠብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ልብ ለመግፋት አቅም እያለው የሚገፋው ደም በበቂ አይደርሰውም። ጤነኛ ሚትራል ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ይሰፋል፤ ከ1.5 በታች ከወረደ ሕመሙ ከባድ ነው። ማለፍ ያቃተው ደም ሳንባ ውስጥ ያቁራል። ዳገት ላይ ቆም ቆም የሚል፣ ትራስ ደራርቦ የሚተኛ፣ ሌሊት ሲያፍነው ተነስቶ የሚቀመጥ ሰው ሳንባው ውሃ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን «ብርድ ነው» እንላለን፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ጥግ ይዞ የሚቀመጠውንም ልጅ «ሰነፍ»። በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን እስከ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ ሳታውቀው የኖረች ሴት ሕመሙ የሚገለጥባት ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

የብዙዎቹ የቫልቭ ጉዳቶች መነሻ ቶንሲል ነው። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር፣ ከ2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ አንዳንድ ልጆችን ትኩሳትና ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ክርን የሚዞር ቁርጥማት ይይዛቸዋል። ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሳው የሰውነት መከላከያ ዞሮ የገዛ ልባቸውን ያጠቃል። ቁርጥማቱ ይለቃል፤ የቫልቩ ጠባሳ ግን ይቀራል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አያስቀርም።

ወላጆች፣ ይህ ሕመም እንዳይደገምበት በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ የታዘዘለትን ልጅ «ድኗል» ብላችሁ አታስቋርጡ። መርፌው አሮጌውን ጠባሳ አያጠፋም፤ አዲስ እንዳይጨመርበት ነው። እንደሚያም አውቃለሁ፣ ልጆቹም ይደበቃሉ። የቫልቭ ቀዶ ሕክምና ወረፋ የጠበቀ ቤተሰብ ግን የቱ እንደሚከብድ ይነግራችኋል።

መምህራን፣ በመርፌው ቀን የሚቀር ተማሪ የክትትል ካርዱን ካሳየ በፈቃድ ይያዝለት። አሁን ጥያቄ ልቀበል።