ቆጠራና የአደራ ምሥጢር



ዛሬ እንድንመክርበት ያቀረብነው ጥያቄ አጭር ነው። የሰውን ምሥጢር እንጠብቃለን የምንል ድርጅቶች የድረ ገጻችንን ጎብኚዎች በሌላ ኩባንያ መሣሪያ ልናስቆጥር ይገባናልን?

መቁጠሩ በራሱ ክፋት የለበትም። ስለ ንጹሕ ውኃ ያወጣነው ትምህርት መነበቡን ካላወቅን ሥራችንን ማሻሻል አንችልም፤ ለጋሾችም ሪፖርት ይጠይቁናል። ጉግል አናሊቲክስ እ.ኤ.አ. በ2005 ከወጣ ጀምሮ ያለ ክፍያ መገኘቱም ገንዘብ ለሚያጥረው ድርጅት ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን አሠራሩን እንመልከት። በገጻችን ውስጥ የኩባንያው አጭር የኮምፒውተር ትእዛዝ ይገባል። አንባቢው ገጹን ሲከፍት የገዛ ስልኩ ለኩባንያው መልእክት ይልካል፤ የትኛውን ገጽ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት መሣሪያ እንደከፈተ ይናገራል። ብዙውን ጊዜም ኩኪ በሚባለው መለያ አማካይነት፣ በሌላ ቀን ሲመለስ ያው ጎብኚ መሆኑ ይታወቃል።

እንግዲህ ባልዋ የሚደበድባት ሴት የመጠለያን ገጽ ብትከፍት፣ ወይም አንድ ወጣት ስለ ኤች አይ ቪ ምርመራ ቢያነብ ምን ይሆናል? በቢሮአችን በር ዘግተን የምናነጋግረውን ሰው፣ በድረ ገጻችን ደጃፍ ላይ የሌላ ሰው መዝጋቢ አቁመንበታል ማለት ነው።

ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዘ ማርክአፕ የተባለ የአሜሪካ የዜና ድርጅት ከ100 ታዋቂ ሆስፒታሎች የ33ቱ ድረ ገጾች፣ ሰው የሐኪም ቀጠሮ ለመያዝ ሲጫን ለፌስቡክ መረጃ ይልኩ እንደ ነበር ገለጸ። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነ የኦስትሪያ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ውሳኔም፣ አንድ ድረ ገጽ በጉግል አናሊቲክስ በመጠቀሙ መረጃ ወደ አሜሪካ መሄዱ የአውሮፓን ሕግ እንደጣሰ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአውሮፓ ኮሚሽን መረጃ ወደ አሜሪካ የሚተላለፍበትን አዲስ መንገድ አጽድቋል። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሕግ ፈቀደ ማለት ግን አንባቢው ዐውቆ ተስማማ ማለት አይደለም።

ኩባንያው አዲሱ አሠራሩ የጎብኚውን የኢንተርኔት አድራሻ እንደማያከማች ይናገራል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም መልእክቱ አሁንም ወደ እርሱ ዘንድ ይሄዳል፤ ለተረጂው ቃል የገባነውም እኛ ነን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንመክራለን። አንደኛ፣ ቁጥሩ የትኛውን ውሳኔ እንደሚያግዝ አስቀድመን እንጠይቅ፤ ለምንም የማይጠቅም ቁጥር አይሰብሰብ። ሁለተኛ፣ መቁጠር ካስፈለገ በራሳችን ሰርቨር እንቁጠር። እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ፒዊክ ይባል የነበረው ማቶሞ እንዲህ ሊሠራ ይችላል። የሚንከባከበው ባለሙያና መዝገቡ የሚሰረዝበት የተወሰነ ቀን ግን ያስፈልጉታል፤ ያለ ጠባቂ የተተወ መዝገብ እርሱም አደጋ ነውና። ሦስተኛ፣ ችግረኛው እርዳታ በሚፈልግባቸው ገጾች ላይ ምንም ዓይነት የውጭ መቁጠሪያ አይኑር።

በዚህ ምክንያት ሪፖርታችን ጥቂት አኃዝ ሊጎድለው ይችላል። ለጋሾቻችን ምክንያቱን ብንነግራቸው የሚያስተውሉት ይመስለናል። ምሥጢሩ የወጣበትን ሰው ግን በምን ልንክሰው እንችላለን?

ወደየሥራችሁ ስትመለሱ የድረ ገጻችሁን ኃላፊ፣ «የሚቆጥርልን ማን ነው? መዝገቡስ የት ይቀመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም ለአንባቢዎቻችሁ ሁሉ በሚገባቸው ቋንቋ በገጻችሁ ላይ ጻፉላቸው።