የሩቅ ዒላማና የቅርብ ጓደኛ



በአማርኛ «ዋዛ» ማለት ቀልድና ጨዋታ ማለት እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ወደ አሶሳ የሄደ ሰው ግን ቃሉ ሌላ ትርጕም እንዳለው ይማራል። በበርታ ሕዝብ ዘንድ ዋዛ የሚባለው ከቅል የሚሠራ ረዥም መለከት ነው። እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚሰጥ አንድ ሰው ብቻውን ዜማ ሊያወጣበት አይችልም። ነፊዎቹ በአንድነት ቆመው እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ግን ከብዙ ሰው አፍ አንድ ዜማ ይወጣል። አንዱ ተራውን ቢስት የሚበላሸው የሁሉም ዜማ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ስለ ሩቅ ዒላማ ተኩስ የቡድን ልምምድ ነው። «ጠመንጃና መለከት ምን አገናኛቸው?» ትሉኝ ይሆናል። ጥቂት ብትታገሡኝ መልሱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

በአገራችን ስለ ተኩስ ሲወራ ወጉ ሁሉ ስለ አንድ ጀግና ነው። ውጅግራውን ወይም ምንሽሩን አንሥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአንድ ጥይት የሚጥለው ሰው ይወደሳል። የጉሙዝ አዳኝም በቀስቱ የታወቀ ነው። እኔም ይህን ወግ አላቃልልም። ነገር ግን ለቅርብ የሚበቃ ሙያ ለሩቅ አይበቃም።

የታወቁት የሩቅ ዒላማ ውድድሮች የሚደረጉት በ800፣ በ900 እና በ1000 ያርድ ነው። 1000 ያርድ 914 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በዚህ ርቀት የዒላማው መካከለኛ ክብ ስፋት ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጥይቱ እዚያ እስኪደርስ አንድ ሴኮንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ በመንገዱም ሁሉ ነፋስ ይገፋዋል። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ከጐን ቢነፍስ ከ2 ሜትር በላይ ያስተዋል። እንግዲህ ዓይኑ እንደ ንስር የሆነ ሰው እንኳ በትክክል አልሞ በትክክል ይስታል።

ስለዚህ ከተኳሹ አጠገብ ነፋስ መልካች ይቀመጣል። ይህ ሰው በሩቅ መነጽር ባንዲራዎቹንና ከመሬት የሚነሣውን የሙቀት ንዝረት ይመለከታል። በአሶሳ ሜዳ ቢሆን የሽመሉ ቅጠል፣ የረዥሙ ሣር አዘነባበልና የጢሱ አካሄድ ምልክት ይሆኑታል። ከዚያም ማነጣጠሪያው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ስንት እንዲዞር ይናገራል። ተኳሹም በገዛ ዓይኑ ያላየውን ነገር በጓደኛው ቃል አምኖ ይተኵሳል።

ቡድኑ ጥይት ከማባከኑ በፊት በባዶ ጠመንጃ ምላጭ መሳብንና ትንፋሽ መያዝን ይለማመዳል። ከሁሉ የሚከብደው ልምምድ ግን የሚመጣው በኋላ ነው። ተኳሹ ምላጩን እንደ ሳበ፣ ጥይቱ ያረፈበት ገና ሳይታይ፣ «አሳሳቤ ደኅና ነበር» ወይም «እጄ ተንቀሳቅሷል፤ ወደ ቀኝ ሄዶብኛል» ብሎ በግልጥ ይናገራል። አሳሳቡ ደኅና ሆኖ ጥይቱ ከሳተ ጥፋቱ የነፋስ ነው፤ መልካቹም ያርማል። ተኳሹ የእጁን ጥፋት ደብቆ በነፋስ ካሳበበ ግን መልካቹ ትክክል የነበረውን ያዛባል። ቀጥሎ የሚተኵሰው ሰው ያለ ጥፋቱ ይስታል። አንድ ሰው ክብሩን ለመጠበቅ የሸሸጋት ስሕተት በዚህ አኳኋን የቡድኑ ሁሉ ስሕተት ትሆናለች።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ዓ.ም. ኒው ዮርክ አጠገብ ክሪድሙር በሚባል ስፍራ የአየርላንድና የአሜሪካ ቡድኖች ስድስት ስድስት ሆነው ተጋጠሙ። አንድ አየርላንዳዊ በ900 ያርድ ላይ የዒላማውን መካከል መታ። የመታው ዒላማ ግን የእርሱ አልነበረምና ነጥብ ተከለከለ። መካከሉን መምታት 4 ነጥብ ያስገኝ ነበር። በመጨረሻ አሜሪካ 934፣ አየርላንድ 931 ሆኑ፤ ልዩነቱም 3 ነጥብ ብቻ ሆነ። እጁም ዓይኑም አልበደሉትም ነበር። «ወዳጄ፤ ዒላማህ ያ አይደለም» የሚል አንድ ድምፅ በጊዜው ቢሰማ ኖሮ ድሉ የአየርላንድ በሆነ ነበር።

ይህን ስል ማንም ጠመንጃ አንሥቶ ወደ ሜዳ ይውጣ ማለቴ አይደለም። የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደር ነው። በ2013 ዓ.ም. በዚያው ክልል በመተከል ዞን በደረሰው እልቂት ብዙ ቤተ ሰብ ልጆቹን ቀብሯል፤ ስለዚህ በጠመንጃ ነገር ዋዛ የለም። ዒላማውን ያለፈ ጥይት ከሣሩ ወዲያ ያለውን እረኛ አይለይም። በደንበኛ የተኩስ ሜዳ ከዒላማው ኋላ ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ ይኖራል፤ አደጋ ያየ ሰው፣ ከሁሉ ታናሹም ቢሆን፣ «አቁም!» ሲል ሁሉም ያቆማል።

እኔም እንደ እናንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና አንድ ነገር ልናዘዝ። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ የአንዲት እናት የጡረታ ደብዳቤ ላይ ቍጥር አሳስቼ ጻፍሁ። አለቃዬ ሲጠይቁኝ «ስሕተቱ የመዝገብ ቤት ይሆናል» አልሁ። መዝገብ ቤቱም ትክክል የነበረውን መዝገብ «አረመ»። እኒያ እናት ሦስት ሳምንት ሙሉ ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ እያየሁ ዝም አልሁ። የገዛ እጄ ተንቀሳቅሶ ሳለ ነፋሱን ወቅሼ ነበር። በመጨረሻ እውነቱን ስናገር ለማረም የፈጀው ሩብ ሰዓት ብቻ ነበር።

ክቡራን አድማጮቼ፤ ነገ ጠዋት ከጠረጴዛችሁ ስትቀመጡ ዒላማችሁ ከፊታችሁ ያለው ወረቀት ሳይሆን ከወረቀቱ ወዲያ፣ ምናልባት በአሶሳ፣ መልስ የሚጠብቀው ባለጉዳይ መሆኑን አስቡ። እርሱ ሩቅ ነው፤ ጓደኛችሁ ግን በአጠገባችሁ ነው። ጓደኛችሁ ያየውን ሲነግራችሁ ስሙት፤ ስትሳሳቱም ሳይቀድማችሁ ንገሩት። የበርታው መለከት ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ ያችን በጊዜዋ ካሰማ ዜማው አይጐድልም።

ደኅና እደሩ።