ከነጋሪት እስከ ራዲዮ

(በእንጦጦና በየካ ኮረብታ ለሚኖሩ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ፊደል ቆጥራችሁ፣ ንባብ ለይታችሁ፣ ስማችሁን በገዛ እጃችሁ ለመጻፍ በመብቃታችሁ እንኳን ደስ አላችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ወሬ ነው። ወሬ ስል የጎረቤት ሐሜት ማለቴ አይደለም። በአገር ላይ ስለሚሆነው ነገር በጋዜጣ የሚጻፈውን፣ በራዲዮ የሚነገረውን ዜና ማለቴ ነው። ይህ ዜና በአዲስ አበባ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ በማን እጅ እንደ ነበረ፣ እኛስ ምን ማድረግ እንዳለብን አብረን እንመልከት።

1. ከተማው ከተራራው ወረደ

ከሁሉ አስቀድሞ ከተማው የነበረው እዚሁ እንጦጦ ላይ ነው። ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ እዚህ ሠፈሩ። እንጦጦ ግን ብርድና ነፋስ ይበዛበታል፤ ዳገቱም ያደክማል። ማገዶውም እየራቀ ሄደ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውም አዲስ አበባ ተባለ። ያን ጊዜ ከተማው ጨርሶ አልወረደም ነበር። ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱም፣ መኳንንቱም፣ ገበያውም እየተከታተለ ወደ ሜዳው ሄደ።

ባሕር ዛፍ ተተክሎ ተራራውን ሲሸፍነው ደግሞ የኮረብታው ሰውና የከተማው ሰው በማገዶ ተገናኙ። እናቶቻችን ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወረዱ። ሲመለሱ ጨውና ወሬ ይዘው ወጡ።

2. ነጋሪት ይናገራል፣ አይሰማም

በዚያን ዘመን የመንግሥት ቃል የሚነገረው በነጋሪት ነበር። ነጋሪት ሲጎሰም ሰው ይሰበሰባል። አዋጅ ነጋሪውም «ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ!» ይላል። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ጣልያንን ለመውጋት የክተት አዋጅ የተነገረው በዚህ ዓይነት ነው። አዋጁ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ አገር ለአገር ደረሰ። ሠራዊቱም ተሰብስቦ ዘመተ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል አደረገ። ስለዚህ ነጋሪት ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ነጋሪት ይናገራል እንጂ አይሰማም። ቃሉ ከቤተ መንግሥት ወደ ገበሬው ይወርዳል እንጂ ከገበሬው ወደ ቤተ መንግሥት አይወጣም። ገበሬው የታዘዘውን በነጋሪት ይሰማል። አንበጣ እህሉን ሲበላበት ግን የሚጎሰምለት ነጋሪት የለም። እርግጥ ነው፣ የተበደለ ሰው ደጅ ቆሞ «አቤት! አቤት!» ይል ነበር። ግን ስንቱ ነው እርሻውን ትቶ፣ ስንቅ ቋጥሮ ደጅ ሊጠና የሚችለው?

3. ጋዜጣ መጣ

በ1890ዎቹ ዓ.ም. አንድሬያስ ካቫዲያስ የሚባል የግሪክ ሰው በአማርኛ ጋዜጣ ጀመረ። ስሙም «አእምሮ» ተባለ። መጀመሪያ በእጅ ይጻፍ ነበር፤ የሚዘጋጀውም 24 ቅጂ ብቻ ነው። 24 ቅጂ ለዚያ ሁሉ አገር! የሚደርሰው በቤተ መንግሥት ዙሪያ ለነበሩት ሰዎች ነው። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ በራስ ተፈሪ ማተሚያ ቤት «ብርሃንና ሰላም» የተባለው ጋዜጣ መውጣት ጀመረ። ይህኛው በማተሚያ መኪና የሚታተም ስለሆነ ከበፊቱ ይልቅ ለብዙ ሰው ደረሰ። ሆኖም የሚያነብ ሰው ጥቂት ነበር።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ጣልያኖችም «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» የሚል ጋዜጣ በአማርኛ አወጡ። ፊደሉ የእኛው ፊደል፣ ቋንቋው የእኛው ቋንቋ ነው። ሐሳቡ ግን የወራሪው ነው። ማተሚያ መኪና ወዳጅና ጠላት አይለይም። ያስገቡለትን ያትማል።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ወደ አዲስ አበባ የገቡት በዚሁ በእንጦጦ በኩል ነው። በዚያ ቀን ባደረጉት ንግግር አዲስ ዘመን መጀመሩን ተናገሩ። ከዚህ ቃል ስሙን የወሰደው «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. የመጀመሪያ እትሙን አወጣ። ይህ ጋዜጣ ዛሬም ይታተማል።

4. ራዲዮና ቴሌቪዥን

የኢትዮጵያ ራዲዮ የተጀመረው በ1928 ዓ.ም.፣ በጣልያን ወረራ ዋዜማ ነው። ከነጻነት በኋላ ራዲዮ በየቤቱ ስላልነበረ በከተማው አደባባይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ሰው ቆሞ ይሰማ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌቪዥን ተከፈተ። ራዲዮ ፊደል ላላወቀም ይናገራል፤ ይህ መልካም ነው። ይሁንና ራዲዮም በጠባዩ ነጋሪት ነው። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፣ እርሱ ግን አይሰማም።

5. ያልወጣ ወሬ ሰው ይገድላል

አባቶቼና እናቶቼ፣ አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ብርቱ ረሃብ ሆነ። ገበሬው ከብቱን ሸጠ፤ ከዚያም ወደ መኪና መንገድ ወጥቶ ወደቀ። በአዲስ አበባ ጋዜጣውም ራዲዮውም ነበሩ፤ ረሃቡን ግን አልተናገሩም። ጥቂት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያመጡትን ፎቶግራፍ ለሰው አሳዩ። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል የእንግሊዝ ጋዜጠኛም ረሃቡን ፊልም አንሥቶ በአገሩ አሳየ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ይህንኑ ፊልም በቴሌቪዥን አስተላለፈ። በመካከሉም የቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ቀጥሎ አስገባበት። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የረሃቡ ወሬ እውነት ነበር። ሆኖም የወጣው ለሞቱት ሊደርስላቸው ሳይሆን፣ ለሥልጣን በሚጠቅምበት ቀን ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላስ? በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በብዙ ወጪ አከበረ። በዚያው ጊዜ በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። የከተማው ጋዜጣና ራዲዮ የበዓሉን ዜና አበዙ፤ የረሃቡን ግን ሸፈኑ። በጥቅምት ወር ማይክል ቡርክ የተባለ ጋዜጠኛና መሐመድ አሚን የተባለ ካሜራ አንሺ ከኮረም ያመጡት ፊልም በእንግሊዝ ታየ። ዓለም የደነገጠው ያን ጊዜ ነው። «ንጉሡ ረሃብን ደበቁ» ብሎ የከሰሰው መንግሥት ራሱ ረሃብን ደበቀ።

እንግዲህ ሰው የሞተው ዝናብ ስለ ጠፋ ብቻ አይደለም። የገበሬው ወሬ በጊዜው ወደ ላይ ስላልወጣም ነው።

6. እኛ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የምንሰማውን እንመርምር። ዛሬ ወሬ በእጅ ስልክ ሳይቀር ይመጣል። ማን ተናገረው? ማን አየው? መቼና የት ሆነ? ይህን ሳንጠይቅ ላልሰማው አናሰማ።

ሁለተኛ፣ እኛም እንጻፍ። ማንበብ የሚወርደውን ወሬ ለመቀበል ነው። መጻፍ ግን የራሳችንን ወሬ ለማውጣት ነው። ዋግ ስንዴአችሁን ቢመታው፣ የምንጭ ውሃ ቢበላሽ፣ ጎርፍ መንገዱን ቢቆርጠው በወረቀት ላይ አስፍሩት። በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ይህን ያህል ሰው ላይ፣ ይህ ነገር ደረሰ ብላችሁ ጻፉ። ያያችሁትን እንጂ የገመታችሁትን አታክሉ። ስማችሁን ፈርሙ። አንዱን ቅጂ ለቀበሌ ወይም ለጋዜጣ ላኩ፤ አንዱን በእጃችሁ አስቀሩ። በአዲስ አበባ ኤፍ ኤም 97.1 ከተከፈተ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ አድማጭ ስልክ ደውሎ የሚናገርባቸው ጣቢያዎችም በዝተዋል። በዚያም ተናገሩ።

መልስ በአንድ ቀን ላይመጣ ይችላል። ግን «አልሰማንም ነበር» ለሚል ሰው ቀን ያለበት ወረቀት መልስ ይሆናል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ?

ከዚህ ተራራ ማገዶ ብቻ አይውረድ። የእናንተም ቃል ይውረድ።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ነጋሪትና ራዲዮ በምን ይመሳሰላሉ? ጋዜጣስ ከሁለቱ በምን ይለያል?
2. በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. የረሃቡ ወሬ በጊዜው ቢወጣ ኖሮ ምን ሊሆን ይችል ነበር?
3. በመንደራችሁ መንግሥት ሊያውቀው የሚገባ አንድ ችግር መርጣችሁ በአምስት መስመር ጻፉ። ቀኑንና ስማችሁን አትርሱ።