ኩፍኝ የሰውነትን ዘበኛ እንዴት ያታልላል?



አምባን ዘበኛ እንደሚጠብቀው ሁሉ ለሰውነታችንም ፈጣሪ ጠባቂ ሰጥቶታል። ቫይረስ የሚባለው በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ ሲገባ፣ የተጠቃው ሕዋስ ኢንተርፌሮን በሚባል ንጥረ ነገር ጎረቤቶቹን «ጠላት መጣ!» ብሎ ያስጠነቅቃል። የኩፍኝ ቫይረስ ግን ይህን ጥሪ ያፍናል፤ ዘበኞቹ ሳይነቁም ይራባል። ትኩሳቱ የሚጀምረው ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ነው። ይባስ ብሎ፣ ዘበኞቹ ቀድሞ ያወቋቸውን ጠላቶች ያስረሳቸዋል። ስለዚህ ሽፍታው ከጠፋ በኋላም ልጁን የሳምባ ምችና ተቅማጥ ሊጥሉት ይችላሉ።

እጅ መታጠብ ተቅማጥን ይከላከላል፤ ኩፍኝ ግን በትንፋሽ ስለሚተላለፍ መታጠብ ብቻውን አያግደውም። በሽተኛው ከቤት ከወጣ በኋላም ቫይረሱ 2 ሰዓት ያህል በአየር ላይ ይቆያል። እንግዲህ በርና መስኮት ክፈቱ። ሽፍታው ከወጣ 4 ቀን እስኪያልፍ ልጁን ወደ ገበያም ሆነ ወደ ግሸን ንግሥ አትውሰዱት። ጡት እንዳትከለክሉት። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት፤ ቫይታሚን ኤ እንሰጠዋለን።

ዘበኞቹን አስቀድሞ ጠላትን የሚያስተዋውቃቸው ክትባት ነው፤ አንደኛው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር። ሁለተኛው በአገራችን የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ፣ «ታላቁ አንዴ ተከትቦ አድጓል» ብላችሁ ታናሹን አታስቀሩት። እናንተ ልጁን አምጡ፤ እኛ እንከትበዋለን።