ያለ ባሩድ የምትወነጨፍ ሮኬት
(በማኅበራችን ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ቢቸና)



ስለ ቁጠባውና ስለ ብድሩ ሪፖርቱ ይናገራል። እኛ የምንናገረው ልጆቻችን ስለሚያስወነጭፏት ሮኬት ነው። ከመካከላችን «የማዳበሪያ ዕዳ ሳይከፈል ሮኬት ምን ይሠራልናል?» ያላችሁ አላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከተቀማጫችን አንድ ብር አልወጣም፤ እንዲወጣም አንጠይቅም። የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን በመጨረሻ እናነሣዋለን።

ነገሩን ያመጡት ውጭ አገር ያሉ ደጋፊዎቻችን ናቸው። ለሴት ልጆቻችን ተገጣጣሚ የሮኬት ዕቃ እንላክላችሁ ወይ ብለው ጠየቁን። ዕቃውን ለማታውቁት፦ ከወረቀት የተጠቀለለ ቧንቧ፣ ከቀላል እንጨት የሚቆረጡ ክንፎች፣ ሹል አናት፣ ትንሽ ዣንጥላ፤ ከሥር ደግሞ ጣት የምታህል፣ በፋብሪካ የታሸገች የባሩድ ሞተር አለችው። ሞተሯ በባትሪ ገመድ ከርቀት ትለኮሳለች። ሮኬቷ ወደ ላይ ወጥታ ስታበቃ ዣንጥላው ይከፈትና ሳትሰበር ትወርዳለች፤ ሞተር ተቀይሮላት ደግማ ትበራለች።

ይህን እ.ኤ.አ. በ1954 የፈለሰፉት አሜሪካ ውስጥ በነብራስካ ግዛት ጫማ መሸጫ የነበራቸው ኦርቪል ካርላይል ከወንድማቸው ከሮበርት ጋር ነው። መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ስታመጥቅ የአሜሪካ ልጆች ሮኬት ሮኬት አሉ፤ በየጓሮው ባሩድ እየቀመሙ ብረት ቧንቧ ውስጥ የሚያጭቁም ነበሩ። ጣቱን ያጣ፣ ዓይኑን ያጣ አለ። ሃሪ ስታይን የተባሉ የሮኬት ባለሙያ የካርላይልን ሥራ ያስፋፉት ይህን አደጋ ለማስቀረት ነበር። የደንቡ ሥር አንድ ነው፤ ልጅ ባሩድ አይቀምምም። እኛም በበዓል ሰሞን የክብሪት ራስ እየፋቁ የሚያስጮኹ ልጆች ስላሉን ጉዳዩ አይጠፋንም።

ታዲያ ዕቃውን ለምን አልተቀበልንም? ሞተሩ ፈንጂ ነክ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ በአውሮፕላን አይጫንም። ቢደርሰን እንኳ ሞተሮቹ ባለቁ ማግስት ሮኬቷ የመደርደሪያ ጌጥ ትሆናለች። ከሁሉ በላይ ግን እዚህ ሜዳ የሚገኘው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ገለባው ደርቋል፣ የጭድ ክምሩ በየደጁ ነው። በእሳት የሚነሣ ነገር እዚያ መሃል አንለቅም።

ስለዚህ ወደ ውሃ ዞርን። ሁለት ሊትር የሚይዝ የለስላሳ ጠርሙስ ሲሶውን ውሃ እንሞላለን፤ 6 መቶ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። አፉን በቡሽ እንደፍናለን። በቡሹ መሃል ጎሚስታ ቤት ከተጣለ የብስክሌት ጎማ የተወሰደ ቫልቭ ይገባል። ጠርሙሱን ዘቅዝቀን ማቆሚያው ላይ እናቆምና በብስክሌት መንፊያ አየር እንሞላለን። የታመቀው አየር ውሃውን ወደ ታች ሲገፋው፣ ውሃው በተራው ጠርሙሱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገራችንን የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ን ከቻይና ያመጠቀችው ሮኬትም የተነሣችው በዚሁ ሕግ ነው፤ እሷ በውሃ ፋንታ የጋለ ጋዝ ወደ ኋላ ትወረውራለች። ያቺ ሳተላይት 70 ኪሎ ገደማ ነበረች፣ ከአንድ ኩንታል ጤፍ የምትቀል። ሥራዋም የእርሻችንንና የአየር ንብረታችንን ሁኔታ ከላይ ማየት ነበር፤ ምስሉን የሚቀበለው ጣቢያ እንጦጦ ላይ ነው። ያን ምስል አንብቦ «እዚህ ቦታ ሰብሉ ተጎድቷል» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ከእኛ ልጆች መካከል ለምን አይሆንም?

ስለ ጠርሙሱ አጥብቀን እንናገር። የውሃ ሃይላንድ አይሆንም፤ ስስ ነው። ጋዝ ያለው ለስላሳ የሚሸጥበት ጠርሙስ ግን ግፊት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። የተጫረ፣ የተጨማደደ፣ ፀሐይ ላይ የከረመ ይጣል። ከ4 ባር በላይ አየር አይሞላም። የሚነፋው ሰው በረጅም ቱቦ ራቅ ይላል፤ የቀረው ሁሉ 10 እርምጃ ወደ ኋላ።

ክንፎቹ ከካርቶን ናቸው። አናቱ ላይ ትንሽ ጭቃ እንጨምራለን፤ ሮኬት አናቷ ካልከበደ ትገለባበጣለችና። ለማወቅ ወገቧን በክር አስሮ ማዞር ነው፤ አናቷን አስቀድማ ከዞረች ደህና ናት። ሹሉን አናት ለመጠቅለል ልጆቹ ሲቸገሩ ያቃኑላቸው ስፌት የሚሰፉት እናቶቻችን ናቸው። የመሶብ ክዳን የሚያወጣ እጅ ለዚህ አስተማሪ አያሻውም።

ቀለሙ ብዙ አከራከረን። ጠርሙሱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን እንቀባ ያሉ ነበሩ፤ አይሆንም፣ ጭረቱ ያሳሳዋል። የዘይት ቀለም ማቅጠኛም ፕላስቲኩን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ወረቀት አልብሰነው ወረቀቱን እንቀባለን። መጀመሪያ ነጭ፣ ሲደርቅ ቀለሙ በስሱ ሁለት ጊዜ። አንድ ጊዜ በወፍራሙ የተቀባ ይንጠባጠባል፣ ክብደትም ይጨምራል። አረንጓዴና ቡናማ ተከልክሏል፤ ሣር ውስጥ ወድቃ ማን ይፈልጋታል? እያንዳንዱ ክንፍ የተለያየ ቀለም ሲኖረው ደግሞ ሮኬቷ እየዞረች መሆን አለመሆኗ ከታች ይታያል። ልጆቹ የመሶቡን ጥለት ነው የሣሉባት፤ ይህን ማንም አላዘዛቸውም።

ከፍታውን የሚለኩት ራሳቸው ናቸው። አንዷ ከማስወንጨፊያው 30 ሜትር ርቃ ትቆማለች፤ በእጇ ክርና ጠጠር የተንጠለጠለበት የማዕዘን መለኪያ አለ። ሮኬቷን በ45 ዲግሪ ካየቻት፣ ከዓይኗ በላይ 30 ሜትር ወጥታለች ማለት ነው። ውሃው ሲያንስ፣ ሲበዛ፣ ሲሶ ሲሆን እያሉ በደብተር ይመዘግባሉ። ሂሳብ የምትጠላ ልጅ ይህን ስትሠራ ሂሳብ እየሠራች መሆኗን ማንም አይነግራትም፤ ነግረናት ነበር፣ ሳቀችብን። ሌላም እንጨምር፤ ቢቸና ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ለሮኬት ይህ ይጠቅማል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ደጋፊዎቻችን፣ ተገጣጣሚውን ዕቃ አትላኩ። በምትኩ የግፊት መለኪያ ያላቸው ሁለት የብስክሌት መንፊያዎች ላኩልን። አሁን የምንነፋው ብዛቱን በመቁጠር ነው፤ 4 ባር መሙላቱን በግምት እንጂ በዓይን አናየውም። እናንት እናቶች ደግሞ የለስላሳ ጠርሙስ አትጣሉ፤ እስከ ሚቀጥለው ስብሰባ 20 ይበቃናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሴት ልጆቻችሁን ከውሃ መቅዳቱ ለሁለት ሰዓት አሳርፉልን፤ ወንድሞቻቸው ይቅዱ።