ካሚቻን በክሮም ስለ መለበጥ



በታቦር ተራራ ግርጌ የሚመላለሱ መኪኖችና ባጃጆች ሞተራቸው ሁለት ጠላት አለበት። አንደኛው የስምጥ ሸለቆው አቧራ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ዐመድ የመጣ ስለ ሆነ ብረትን እንደ ሞረድ ይፍቃል። ሁለተኛው ሞተሩ ሳይሞቅ ሲነዳ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የሚጤዘው አሲድ ነው። ስለዚህ ጋራዦቻችን ካሚቻ የሚሉት የሲሊንደሩ ውስጠኛ ቱቦ ይበላል፤ ይልቁንም የላይኛው የፒስቶን ቀለበት በሚመለስበት ቦታ።

ክሮም ከካሚቻው ብረት እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ልሙጥ ክሮም ዘይት አይዝም። ሆላንዳዊው መሐንዲስ ቫን ደር ሆርስት ከለበጠ በኋላ ኤሌክትሪኩን ገልብጦ በመስደድ ዘይት የሚቋጥሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አወጣበት። በዚህ ካሚቻ ውስጥ የክሮም ቀለበት አይገባም፤ ክሮም በክሮም ላይ ሲሄድ ይቧጨራልና።

እንግዲህ ሁለት ተመሳሳይ ሞተሮች፥ አንዱን በተለመደው፥ ሌላውን በክሮም ካሚቻ፥ በአንድ ዓይነት ዘይትና አየር ማጣሪያ አስነድተን የተበላውን በሚሊሜትር መቶኛ እንለካ እንላለን። ልብጡን ግን እዚህ አንሥራው። የመለበጫው ውሃ ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው፤ የሐዋሳ ሐይቅም የገባበትን የሚያወጣ ወንዝ የለውም። መርዙን የሚያጣራ ቦታ እስኪኖረን ድረስ ተለብጦ በመጣ ካሚቻ እንጀምር።