የኦቾሎ ዳገትና የኋላው አሞርዛተር

እሷ፦ ከአባያ ሐይቅ በላይ ኦቾሎን በሞተር ሳይክል የወጣ ሰው ድንጋዩን በወገቡ ይቆጥረዋል አሉ።

እሱ፦ መፍትሔው የመጣው ከሞቶክሮስ ውድድር ነው። ቤልጂየማዊው ሉሲየን ቲልከንስ የኋላ ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙትን ሁለት አሞርዛተሮች አነሣና አንድ ረጅም ከነዳጅ ታንኩ ሥር አጋደመ። ያማሃ ሐሳቡን ወሰደው፤ ስዊድናዊው ሆካን አንደርሰን በ1973 እ.ኤ.አ. በ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነበት።

እሷ፦ ቦታ በመቀየሩ ብቻ?

እሱ፦ አይ፣ ቁም ነገሩ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚጓዝበት ርቀት ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የነበረው፣ አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ወደ 30 ተጠጋ። ጎማው መሬት ከለቀቀ እኮ የሞተሩ ጉልበት አየር ላይ ይባክናል።

እሷ፦ የእኛ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች የሚያውቋት የያማሃዋ ዲቲስ?

እሱ፦ የ1968ቷ ዲቲ 1 ዘር ናት። ባለሁለት ምት ሞተር፣ ዘይቱን በፓምፕ ራሷ የምትመጥን። ጭሷን ግን አታንሺብኝ!

እሷ፦ ዛሬ ተሳፋሪ የሚጭኑት ቦክሰር ሞተር ሳይክሎች ግን ባለአራት ምት ሆነው አሞርዛተራቸው ሁለት ነው። ወደ ኋላ ተመለስን ማለት ነው?

እሱ፦ ርካሽ ነዋ፣ ለመቀየርም ቀላል። ደግሞ ሰውና ግማሽ ኩንታል እህል ጭኖ ማን ዝላይ ያምረዋል?